ቀሪ ስድስት ብር

ከአዌቱ ወንዝ ማዶ፣ ከቆርቆሮው ቤት ውስጥ፣
ማኅበሩ ሲፈርስ ደብተሬን ስገልጥ፣
ከመጨረሻው ገጽ፣ ከቀዩ መስመር ላይ፣
አንድ ቁጥር ቆሟል፣ ዓይን ዓይኔን የሚያይ፦

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ
ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት።

ሚሊዮን ሊሆን ሲል፣ አሥራ ሰባት ጎድሎ፣
ደጃፍ ላይ የቀረ፣ ልግባ አልግባ ብሎ።

የላስቲክ ወንበር መጥቶ ገበያ ቢነሳቸው፣
"አካፍዪን" አሉኝ፤ አሥራ አንድ ናቸው፦
በርጩማ ጠራቢዎች፣ ተማም፣ አባ ፊጣ፣
ሎምባሞ፣ ከነሳሉ ከኪቶ የመጣ፣
ጎበዜ፣ ወንድሙ፣ ሌሎችም፤ በመጨረሻ
ራውዳ፣ የናስር ሚስት፣ ለሟች ባሏ ድርሻ፣
መጥረቢያውን በሻሽ ጠቅልላ ይዛ፣
እጀታው አሁንም በላቡ እንደወዛ።

ለአሥራ አንድ አካፈልኩ።
ለእያንዳንዱ ዘጠና ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባት፤
ስድስት ብር ተረፈች፣ ባለቤት የሌላት።
ጎበዜ ሳቀባት፦
"ለባጃጅ እንኳ አትሆን፣ ምን ሊረባን ነው?"

ከጥግ አንድ ድምፅ መጣ፤
የማን እንደሆነ አልጽፍም።
"ሙት ድርሻ የለውም። ራውዳ ትውጣ፤
አሥር ስንሆን ይቀላል፣ ሒሳቡም ይመጣል።"
ለአሥር አካፈልኩት። ሦስት ብር ይተርፋል።
ለዘጠኝስ? ሁለት። ለስምንትስ? ሰባት።
ለሰባት ሰው አምስት። ለስድስትም አምስት።
ለአምስት ሦስት፤ ለአራት ሦስት፤
ለሁለት ሰው እንኳ አንዲት ብር በመሐል።
ሰው እያስወጡ ቁጥር ማስማማት አልሆነም።
ራውዳ ከመቀመጫዋ ፈቅ አላለችም።

ያን ሌሊት መብራት ጠፋ። ሻማዬን አበራሁ፤
ከሁለት ጀምሬ በየተራ አንኳኳሁ።
ሦስት። አሥራ ሦስት። አሥራ ሰባት።
ሠላሳ አንድ ስል አሥራ ስድስት ይተርፋል፤
የሚከፍት የለም።
ሺህ ጊዜ ሺህ ሚሊዮን ነውና፣
ከሺህ ወዲያ መፈለግ ዞሮ እዚያው ነውና፣
ከሺህ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች
መቶ ስድሳ ስምንት ናቸው፤ መቶ ስድሳ ስምንት በሮች።

በጂሬን በኩል ሰማዩ ሲገረጣ
የመጨረሻው ተራ መጣ፦
ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት።
ሺህ ሁለት ጊዜ ገባ። አንዴ ሊደግም ሲል
ስምንት አነሰው። ልክ እንደ ሰው፣ ለጥቂት መጉደል።
ሻማውም አለቀ።

ዘጠነኛ ክፍል፣ በጠመኔ አቧራ፣
መምህር ጥላዬ ሲሉን በየተራ፦
"ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ ያጣ፣
ብቸኛ ይባላል።"
እኔ ያኔ የመሰለኝ፣ ሰው ያልቀረበው ነበር፤
ጎዶሎም ሲሉት አዝንለት ነበር።
አሁን ግን ሳየው፣ ሁለት ቃል ነው ያለው፦
ወይ ለአንድ ሰው ሁሉም፤ ወይ ለሁሉም አንድ።

ጠዋት ነገርኳቸው።
አባ ፊጣ ዝም ብሎ ሰማኝና
ያልተሸጠችውን በርጩማ ገለበጠ፦
"ይቺን እያት። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ናት፣
እግሯም መቀመጫዋም፤ ሚስማር አልነካት።
ብትፈልጫት ማገዶ ነው እንጂ ድርሻ አይደለም።"
ከዚያ ስለ ስድስቱ ብር ማንም አልተናገረም።
ፈረሙ። አሥራ አንደኛው የራውዳ አውራ ጣት፣
ከሁሉ ፊርማ የሰፋ፣ ቀለም የበዛበት።

ባንኩ ፈረንጅ አራዳ ነው። ገንዘብ ከፋዩ ልጅ
"ሒሳቡን ልዝጋው?" አለኝ።
"ስድስት ብር አለ" አልኩት።
"ካለማ አይዘጋም" ብሎ ደብተሩን መለሰልኝ።

እና ማኅበሩ ፈርሷል፤ ቆርቆሮው ቤት ጋራዥ ሆኗል፤
በወረቀት ግን አለ፣ ከነአሥራ አንድ አባል።
ራውዳ ድልድዩ ላይ ስታገኘኝ፣
"ስንት ደረሰልን?" ትለኛለች፣ እያሾፈች።
"ያው ነው" እላታለሁ፣ "ስድስት ብር፣
ወለዱን ሳልቆጥር።"